በፖለቲካ ክርክር ውስጥ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ለወጣቶች የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም ሥልጠና ስሰጥ እጅግ ከሚያሰለቹኝ ስህተቶች ቀዳሚው፣ ጥላቻ የሚዘራን ጽሑፍ «ጉዱን እዩት» ብሎ ማጋራት ነው። አጋሪው ጸሐፊውን ያዋረደ ይመስለዋል፤ ፌስቡክ ግን እርግማኑን ከምርቃት ለይቶ አይመዝንም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቁጣውን ምልክት ጨምሮ እያንዳንዱን የስሜት መግለጫ እንደ 5 ላይክ ይቆጥር እንደነበር በ2021 ይፋ የወጡት የውስጥ ሰነዶቹ አሳይተዋል። የቁጣው ምልክት ክብደት በ2020 ወደ ዜሮ ቢወርድም፣ ኮሜንትና ሼር ልጥፍን ማሰራጨታቸው አልቀረም። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ብቻ አይተውት ሊቀር የነበረ ስድብ፣ በተቆጪዎቹ ትከሻ ታዝሎ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ይዳረሳል። አበው «የሰደበኝ የነገረኝ» ማለታቸው ለዚህ ነው። መልስ መስጠት ግድ ከሆነ፣ የተሳዳቢውን ገጽ ሳይጠቅሱና ስክሪንሹቱን ሳይለጥፉ፣ እውነቱን በራስ ቃል መጻፍ ይበቃል።

ፎቶውን ሳይመረምሩ ከላዩ የተጻፈውን ማመንም የዘወትር ጥፋት ነው። በአንድ ሐምሌ፣ «ትናንት ጎንደር ላይ የወጣ የተቃውሞ ሰልፍ» የሚል ፎቶ አንድ ሠልጣኝ በስልኩ አሳየኝ። ሕዝቡ የቆመው የፋሲል ጥምቀተ ባሕርን ከብቦ ነበር፤ ገንዳውም እስከ አፉ ሞልቷል። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውኃ ገብቶለት እንዲያ የሚሞላው ለጥምቀት፣ በጥር መሆኑን ልጁ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቁጣው ግን ዓይኑን ጋረደበት። ስለ ገዛ ከተማው እንዲህ የተታለለ፣ ረግጦት ስለማያውቀው አገር የሚላክለትን እንዴት ሊመረምር ነው?

የሌላውን ወገን ሐሳብ ለመስማት በሚል ጯኺውን ተሳዳቢ መከተልም ብዙዎችን ያከርራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ለአንድ ወር የተቃራኒ ወገን መልእክቶችን በትዊተር እንዲያዩ የተደረጉ ሪፐብሊካኖች ከቀድሞው ይልቅ ወደ ራሳቸው ጎራ ተጠግተው ተገኝተዋል። ስለዚህ ረጋ ብሎ የሚጽፍ ተከራካሪ ፈልጎ ማንበብ ይሻላል።

ጥፋቱን ሁሉ በአልጎሪዝሙ፣ ማለትም የትኛው ልጥፍ ለማን ቀድሞ እንደሚታይ በሚመርጠው ሥርዓት ማላከክም አይገባም። በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ተካሂዶ በ2023 በታተመ ሙከራ፣ ልጥፎች ለ3 ወራት በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ብቻ እንዲታዩ ቢደረግም፣ የተጠቃሚዎቹ የፖለቲካ አቋም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ውጤቱ የአሜሪካ ነውና እንዳለ ወደ እኛ አይወሰድም፤ ይሁን እንጂ በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ወሬውን መርጦ የሚልክልን አጎታችን እንጂ አልጎሪዝም አይደለም።

ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው፣ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱን እንደሚያከብድበት ሳያውቅ መጻፉ ያስገርመኛል።

ሐሰት መሆኑ የታወቀን ልጥፍ ዝም ብሎ ማጥፋትም አይበቃም፤ ቀድሞ ያየው ሰው መሳሳቱን የሚያውቀው፣ እርማቱ በዚያው ገጽ ላይ ስህተቱ በወጣበት ጉልህነት ሲወጣለት ነው።