የሳብዉፈሬን ሳጥን ፉጨት በጧፍ አገኘሁት

ለ12 ኢንች ሳብዉፈር (ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ሳንቃ) ዝግ ሳጥን ሠራሁ፤ የውስጥ ይዘቱ 48 ሊትር። ቤዙ ጥሩ ነው፤ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ግን ፉስ ፉስ ይላል። ስፒከሩ የተቃጠለ መስሎኝ በጣም ደነገጥኩ።

ከስልኬ 30 ኸርዝ የሆነ በጣም ወፍራም ድምፅ በሳብዉፈሩ ለቅቄ፣ ጧፍ ለኩሼ በየመገጣጠሚያው ቀስ ብዬ አዞርኩ። በጎኖቹ በኩል ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከኋላ ሽቦው የሚገባበት ጋ ስደርስ ተወዛወዘ፣ ሊጠፋም ደረሰ። አየሩ የሚያፈተልከው በዚያ ነበር!

ስፒከሩን አውጥቼ ቀዳዳውን ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈንኩት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፦ ሲሊኮኑ ሳይደርቅ የሚያወጣው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ትነት ስፒከሩን ሊጎዳው ይችላል። እኔ ሳጥኑን አንድ ቀን ሙሉ ክፍቱን ተውኩት። የኋላው ሳንቃም ይንቀጠቀጥ ስለነበር ከፊተኛው ጋር በእንጨት ደግፌ በኮላ አያያዝኩት።

አሁን በዚያው 30 ኸርዝ ጧፉ ንቅንቅ አይልም።