ሩት 66ን በአርቪ፣ ሁለታችሁ ብቻ

ሩት 66 የአሜሪካ ዝነኛ የድሮ አገር አቋራጭ መንገድ ነው፤ አርቪ ደግሞ አልጋ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ያለው መኪና። ከምንም በፊት በመኪናው ርዝመት ተስማሙ። ባለቤቴ አውቶብስ የሚያክለውን አርቪ ሲያይ ዓይኑ በራ። እኔ 25 ጫማ ላይ ሙጭጭ አልኩ። ለሁለት ሰው ሳሎን ምን ያደርጋል?

አሪዞና ስትደርሱ ታመሰግኑኛላችሁ። ከኪንግማን ወደ ኦትማን የሚወስደው የድሮ መንገድ ተራራውን እየተጠማዘዘ ነው የሚያልፈው። ከ40 ጫማ በላይ የሆነ መኪና ጭራሽ አይፈቀድለትም። እኛ በአጭሩ መኪና እንኳ ስንወጣ ባለቤቴ ሬዲዮውን ዘጋው። ኦትማን ላይ ጎዳናውን የሞሉት አህዮች ናቸው፤ የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች አህዮች ዘሮች። «አህያ ለማየት ነው ይሄን ሁሉ ቤንዚን ያቃጠልነው?» አለኝ። ያደገው ደብረ ብርሃን ነዋ።

መንገዱ ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ ስምንት ግዛት ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ1926 ተቋቁሞ በ1985 ከአገሪቱ ሀይዌዮች ዝርዝር ተሰርዟል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ወጥ መስመር አይደለም፤ የሆነ ቦታ ይቋረጣል፣ የሆነ ቦታ ደግሞ ኢንተርስቴቱ (ግዛቶችን የሚያገናኘው አዲሱ ፈጣን መንገድ) ውስጥ ይገባል። የስልካችሁን ካርታ ካመናችሁት ሁሌ ወደ ኢንተርስቴቱ ይጎትታችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሀይዌይ እንዲያስቀር አዙት። መድረሻ ስታስገቡም ትልቁን ከተማ ሳይሆን ቀጣዩን ትንሽ ከተማ ጻፉ። ቡናማዎቹን የመንገድ ምልክቶችም ተከታተሉ። የመኪናውን ከፍታ ደግሞ በፕላስተር ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ፤ ዝቅ ያለ ድልድይ ፊት ቆሞ ሰነድ መፈለግ አያምርም።

ባልና ሚስት የሚጣሉት ወደ ኋላ ሲነዳ ነው። አንዱ ይውረድና ከኋላ በሾፌሩ በኩል ይቁም። መስታወቱ ውስጥ የሾፌሩን ፊት ካላያችሁ እሱም አያያችሁም። ምልክቱን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ የእኛ የተጨበጠ እጅ «ቁም» ማለት ነው። መጮህ ዋጋ የለውም፣ ሞተሩ ይውጠዋል። ጎረቤቶቹ ግን ይሰማሉ።

ማንም የማይወደው ሥራ የፍሳሹ ነው። ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንክ ልቀቁ፣ ቀጥሎ የገላና የዕቃ ማጠቢያውን፤ ሁለተኛው ቱቦውን አጥቦት ይወርዳል። አርቪ የሚያድርበት ፓርክ ውስጥ ቱቦው ተሰክቶ ሲያድር የሽንት ቤቱን ታንክ መዝጊያ ክፍት አትተዉ። ውሃው ይሄድና የቀረው ደርቆ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ አላብራራም።

ቡና ያለ ጥያቄ ይፈላል፣ ግን ከሰል አርቪ ውስጥ በፍጹም! ጭሱ ይገድላል። ጀበናውን ጋዝ ምድጃው ላይ ጣዱ፣ የጣሪያውን መስኮት ክፈቱ። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ኑ፤ እዚያው ከቆላችሁ የጭስ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። እንጀራውን ደግሞ በላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፤ የበረሃው አየር ወዲያው ያደርቀዋል።

በሐምሌ አትሂዱ። ካሊፎርኒያ ድንበር ላይ ኒድልስ የምትባል ከተማ በበጋቸው 43 ዲግሪ ስታልፍ ማንም አይገረምም። ሚያዝያ ወይም ጥቅምት ጥሩ ነው።

ጊዜ ካጠራችሁ ኒው ሜክሲኮ ካለችው አልበከርኪ ጀምሩ። ካንሳስ ውስጥ ያለው 13 ማይል ብቻ ነው፣ ቢያመልጣችሁ አትዘኑ። ከሰሊግማን እስከ ኪንግማን ያለውን ግን በቀን ብርሃን ንዱት። ኢንተርስቴቱ ርቆ ስለሚሄድ መንገዱ ለብቻችሁ የተተወ ይመስላል።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ አርቪ መንዳት ቅጣት ነው። ከከተማው ወጣ ብላችሁ አቁሙና በባቡር ግቡ፤ ኢ መስመር ሳንታ ሞኒካ ድረስ ይወስዳል። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው ትንሿ ኢትዮጵያ ሰፈር ምሳ ብሉ። አርቪውን ከመመለሳችሁ በፊት ታንኮቹን ባዶ አድርጉ፣ አለዚያ ያስከፍሏችኋል። ከተከራያችሁበት ሌላ ከተማ መመለስም ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ይችላል፤ ውሉን ሳትፈርሙ ጠይቁ።