ለአዲስ የእግር ኳስ ክለብ ስም እንዴት ይወጣል? ድሬዳዋና ሐረር ላይ ለምታስቡ

ክለብ ለማቋቋም የተሰባሰቡ ሰዎች ስለ ስም የሚያወሩት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘቡ ተገኝቷል። አሰልጣኝ ተነጋግረዋል። የልምምድ ሜዳም ተፈልጓል። ከዚያ አንዱ «ስሙስ?» ይላል። ሌላው የገንዘብ ሰጪውን ስም ይጠራል። ሁሉም ደክሞታል፤ እጅ ይወጣል፤ ይጸድቃል። እንዲህ የወጣ ስም ዕድሜው የበጀቱን ያህል ነው።

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ አዲስ ፕሮፌሽናል ክለብ የምታስቡ ካላችሁ፣ ስሙን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምራችሁ ያዙት። የምትፈልጉት ሰዉ ራሱ አንስቶ የሚጠራውን ስም ነው። ከላይ የተሰጠ ስም ምን እንደሚሆን ከድሬ ታሪክ ማየት ይቻላል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ለአዲሷ ከተማ የታሰበላት ስም አዲስ ሐረር ነበር። ሰዉ ግን ድሬዳዋ አላት፣ ድሬዳዋ ሆና ቀረች።

መጀመሪያ ስሙን ከከፋዩ ለዩ

የአገራችን ክለቦች ስም ደመወዝ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይናገራል። ፋብሪካ ነው፣ መሥሪያ ቤት ነው፣ ወይ የከተማ አስተዳደር ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ጣጣው የሚመጣው ከፋዩ ሲለወጥ ነው። ሐረር ላይ ሐረር ቢራ የሚባል ክለብ ነበር፤ በኋላ ሐረር ሲቲ ተባለ። አዲስ አበባ ላይ መብራት ኃይል ኢትዮ ኤሌክትሪክ ሆነ፣ ብዙ ሰው ግን አሁንም መብራት ኃይል ነው የሚለው። ስም በተለወጠ ቁጥር ደጋፊው የለመደውን ጥሎ እንደገና መጀመር አለበት። ዘፈኑ፣ ማልያው፣ ባነሩ ሁሉ ያረጃል።

እዚህ ላይ ጥጥ ፋብሪካን የሚያነሳብኝ ይኖራል፤ ልክም ነው። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ኮተን፣ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። ስሙ የፋብሪካ ስም ሆኖ ሳለ የከተማው ኩራት ነበር። የሆነውም ፋብሪካው ራሱ የከተማው ስለነበር ነው። ሠራተኛው እዚሁ ይኖራል፤ ልጁም ጎረቤቱም ቡድኑን የራሱ ያደርገዋል። ዛሬ አንድ ባለሀብት መጥቶ የድርጅቱን ስም ክለብ ላይ ቢለጥፍ ያን ፍቅር አያገኝም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስም ላይ ይህን ጠይቁ፦ ገንዘብ ሰጪው ከአምስት ዓመት በኋላ ቢሄድ ስሙ ብቻውን ይቆማል? የማይቆም ከሆነ ከዝርዝሩ አውጡት።

ስሞችን ከሰው ሰብስቡ

በዝግ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ተቀምጦ የሚያወጣው ስም አንበሳ፣ ንስር ወይም ኮከብ ነው። ሦስቱም በየአገሩ ሞልተዋል። ውጡና ጠይቁ። ቀፊራ ገበያ ሂዱ፣ ታይዋን ገበያ ሂዱ፣ ሳቢያን ሜዳ ዳር የተቀመጡትን አነጋግሩ። የድሮ ተጫዋቾችን ፈልጉ። የባጃጅ ሹፌሮችን አትርሱ፤ ቀኑን ሙሉ የከተማውን ወሬ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። እናቶችንና ወጣት ሴቶችን ለይታችሁ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ዝርዝሩ የወንዶች ብቻ ይሆናል።

ጥያቄውን ግን «ክለቡን ምን እንበለው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ትልቅ ትልቅ ቃል ይፈልጋል። ይልቅ «ድሬን ለማያውቅ ሰው ስታወራለት ቀድመህ የምትነግረው ምንድን ነው?» በሉ። ያኔ ባቡሩ ይመጣል። ሙቀቱ ይመጣል። የከዚራ ሰፈር ዛፎች፣ የደቻቱ ወንዝ፣ ሰው ከሰው ጋር ቶሎ መግባባቱ ይመጣል። የሰማችሁትን ሳትመርጡ ጻፉት፤ የማን ሐሳብ እንደሆነም አብራችሁ ያዙ። ሰላሳ አርባ ስም ሲሞላ አቁሙ።

አሁን አንድ በአንድ ፈትሹ

ሥራው ያለው እዚህ ነው፣ አትቸኩሉ። እንደ ናሙና ድሬ ላይ መነሳታቸው የማይቀሩ ጥቂት ስሞችን ልፈትሽ።

ከዚራ ያምራል። ለአፍም ለጆሮም ይመቻል። ግን ከዚራ ከወንዙ አንድ ወገን ነው። ማዶ መጋላ አለ። ክለቡን ከዚራ ያላችሁት ቀን የመጋላ ልጅ የከዚራዎች ቡድን ብሎ ይተወዋል። መጋላ ብትሉትም ያው ነው። የሰፈር ስም ለሰፈር ውድድር ይሁን።

ደቻቱ ሁለቱን ወገን ያገናኛል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚወደው። ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ አሸዋው ላይ ኳስ ያልተጫወተ የድሬ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ቤተሰቡን ያጣ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ። ይህን ስም የምታስቡ ከሆነ ከማንም በፊት እነዚያን ቤተሰቦች ጠይቁ። «ልጆቻችን በደስታ ይጥሩት» ካሉ ጥሩ ነው። ፊታቸው ከተለወጠ ግን ነገሩን እዚያው ዝጉ፤ ለክርክር አታቅርቡት።

ለገሀር፣ የባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ አጭር ነው፤ ታሪክም አለው። ግን አዲስ አበባም ለገሀር አላት። ከድሬ ውጭ ያለ ሰው ሲሰማው ሐሳቡ ወደዚያ ይሄዳል።

ዓመትን ስም ማድረግም ይመጣል። ድሬ በእግር ኳስ የምትኮራበት ዓመት አላት። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲካሄድ አንዱ ምድብ እዚህ ነበር። ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየርና ሞሮኮ ድሬዳዋ ላይ ተጫውተዋል። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ጉዞዋን የጀመረችው ከዚህ ነው። ግን ያ የደርግ ዘመን ለብዙ ቤተሰብ የሐዘን ዘመንም ነው። አሜሪካ ውስጥ የሂውስተን ክለብ እ.ኤ.አ. በ2006 ስሙን «ሂውስተን 1836» ብሎ ነበር። ዓመቱ ከተማዋ የተመሠረተችበት ነው። ነገር ግን ቴክሳስ ከሜክሲኮ የተለየችበት ጦርነት ዓመትም ነበርና የሜክሲኮ ተወላጆች ቅር ተሰኙ። ክለቡ ሁለት ወር ሳይሞላ ዳይናሞ ወደሚል ስም ተሻገረ። 1968ን በክለቡ ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ስቀሉት፤ ስም ላይ አታስገቡት።

ባቡር የእኔ ምርጫ ነው። ከተማዋን የወለደው እሱ ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ አርጎባው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ ሁሉም ከባቡሩ ጋር የሚያነሳው ነገር አለው። ለአርማ ይመቻል፣ ሕፃን ይስለዋል። «ድሬ ባቡር» ቢባል ማንም ከየት እንደሆነ አይጠይቅም። የሚቀረው የባቡር ድርጅቱን ማነጋገር ነው። ስማችንን ወሰዱብን እንዳይሉና ሰውም የድርጅቱ ቡድን እንዳይመስለው፣ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት።

ሐረር ላይ ከሆናችሁ ጀጎልን የሚያሸንፍ ስም አይታየኝም። ግንቡ ሁሉንም ያቅፋል፤ ከየትኛው በር ገባህ አይልም። ጅብንም የሚያነሳ ይኖራል። ፋላና በር ላይ ማታ ማታ ጅብ የሚያበላ ከተማ ሌላ የት አለ? ከሐረር ውጭ ግን ጅብ ማለት ስድብ ነው፤ ተጋጣሚ ደጋፊ በየሜዳው ይጠቀምበታል። አርማው ላይ ይግባ፣ ስሙ ግን ጀጎል ይሁን።

ጮክ ብላችሁ ጥሩት

የቀሩትን አምስት ስድስት ስሞች ይዛችሁ ሜዳ ውረዱ። አንድ አስጨፋሪ ጥሩ፤ ሃያ ሠላሳ ልጆችም ይኑሩ። ከበሮ ካለ የተሻለ ነው። እያንዳንዱን ስም እያጨበጨቡ ደጋግመው ይጥሩት። «ድሬ! ድሬ!» የሚለው ለምን እንደሚሠራ ያኔ ይገባችኋል። ሁለት ምት ነው፤ ትንፋሽ አይጨርስም። ከአራት ምት ያለፈ ስም ሕዝቡ ራሱ ይቆርጠዋል፤ የቆረጠውም እናንተ ባላሰባችሁት ቦታ ይሆናል። «የእገሌ ከተማ ወጣቶች እግር ኳስ ስፖርት ክለብ» ለማኅተም ነው፤ ለጉሮሮ አይሆንም።

ተጋጣሚ እንዴት እንደሚያጣምመውም አስቡ። ልጆቹን «እናንተ ተቃዋሚ ሁኑና ስደቡት» በሏቸው። በደቂቃ ውስጥ ስም የሚያበላሽ ግጥም ካመጡ ስሙ ደካማ ነው።

በየቋንቋው ጠይቁ

ድሬ ላይ አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ ይናገራል። ስለዚህ ስሙን በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪና በዓረብኛ ለሚናገሩ አዛውንቶች አሳዩ። መጥፎ ትርጉም አለው? የአንድ ጎሳ፣ የአንድ ሃይማኖት ወይም የድሮ ጠብ ስም ነው? ይህን በስብሰባ ሳይሆን በየቤቱ፣ ቡና ላይ ጠይቁ። ሰው በስብሰባ ላይ ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል፤ ቤቱ ግን ይነግራችኋል። የብሔርንና የሃይማኖትን ስም ከመጀመሪያውም ተዉት። ሁሉም ተቀላቅሎ በሚኖርበት ከተማ ግማሹን ደጋፊ በር ላይ የምትመልሱት በዚያ ነው።

አጻጻፉንም ያኔውኑ ቁረጡ። ሐረር በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው ሀ? ድሬዳዋ ተያይዞ ነው ወይስ ተለያይቶ? በላቲን ፊደል ጭምር አንድ አጻጻፍ ወስኑና ማልያው ላይም፣ ቴሌግራሙም ላይ፣ ማኅተሙም ላይ እሱ ብቻ ይሁን። በቴሌቪዥን ጨዋታ ሲተላለፍ ጥግ ላይ የሚጻፈው ሦስት ፊደል ነውና ሲያጥር ከሌላ ክለብ ጋር የማይምታታ መሆኑንም እዩ።

ወረቀቱን ጨርሱ

ስሙ ሳይወራ ይህን አድርጉ። ፌዴሬሽኑ ዘንድ ሌላ ክለብ እንዳልያዘው አረጋግጡ። ክለቡ አክሲዮን ማኅበር ከሆነ የንግድ ስም ምዝገባው ለብቻው አለ። ስሙንና አርማውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የንግድ ምልክት አድርጋችሁ አስመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ ይታደሳል። የምዝገባ ዘርፉን ስትመርጡ ልብስን አትርሱ፤ ገንዘቡ ያለው ማልያ ላይ ነው። የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጾቹን በዚያው ሳምንት ክፈቱ።

ቀለምም ከስም ጋር ይሄዳል። ብርቱካናማ የድሬዳዋ ከተማ ክለብ ነው፤ ደጋፊው ብርቱካናማዎቹ የሚለው እነሱን ነው። አዲስ ክለብ ሌላ ቀለም ይፈልግ።

ሕዝቡ ይምረጥ፣ ግን በሥርዓት

ፈተናውን ካለፉት ሦስቱን ብቻ አቅርቡ። ሁሉም ሊሸነፍም ሊያሸንፍም የሚችል ይሁን፤ አንዱን እናንተ ወስናችሁ ሁለቱን ለማሟያ ካስገባችሁ ሰዉ ያውቃል። ከሦስቱ ሌላ አንድ ባዶ መስመር ተዉ። አሜሪካ ውስጥ ሲያትል ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዲህ ሆኗል። የክለቡ ሰዎች ሦስት ስም አቀረቡ፤ የከተማው የድሮ ቡድን ስም ሳውንደርስ ግን አልነበረበትም። ደጋፊው ተቆጣ፣ ባዶ መስመር ተጨመረ፣ ሳውንደርስ አሸነፈ። እኛም አገር የመከላከያ ክለብ ወደ ቀድሞ ስሙ ወደ መቻል ተመልሷል። ድሬ ላይም ባዶው መስመር ላይ «ኮተን» ብሎ የሚጽፍ አባት ይኖራል፤ ቁጠሩለት።

በስልክ ብቻ አታስመርጡ። ስታዲየም በር ላይ፣ ገበያ ላይ የወረቀት ሳጥን አድርጉ። ቆጠራውን የደጋፊ ተወካይ ባለበት፣ በግልጽ አድርጉት።

ቅጽል ስም አታውጡ። ፈረሰኞቹ (ቅዱስ ጊዮርጊስ)፣ ቡናማዎቹ (ኢትዮጵያ ቡና)፣ የጣና ሞገዶቹ (ባሕር ዳር ከተማ) የሚባሉት ደጋፊ ስለተቀበላቸው ነው የቆዩት። የእናንተንም ጊዜው ሲደርስ ሰዉ ይሰጣችኋል።

ስሙን በደንቡ ውስጥ ቆልፉት

የመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ። የክለቡ ስም፣ አርማና ቀለም ያለ ጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አይለወጥም። ደጋፊ ማኅበሩም በዚያ ድምፅ ላይ ይኑርበት። ስፖንሰር ስሙ የሚጻፈው ማልያው ደረት ላይ፣ በውል ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ከክለቡ ስም ፊትም ሆነ ኋላ አይቀጠልም። ይህን አንቀጽ ከመጀመሪያው ስፖንሰር ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት አጽድቁት። ብሩ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ እንዲህ ያለ አንቀጽ ማስገባት በጣም ይከብዳል።