«ዝጓል» ብላችሁ የምታልፉት ወጥመድ

ባለፈው ጥቅምት ውሻችን ቡቺ ሁለት ሌሊት ሳይመጣ ቀረ። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ አገኘነው። የፊት እግሩ በሽቦ ሸምቀቆ ተይዟል፤ ዙሪያውን ያለውን መሬት በጥፍሩ ቧጦ ጨርሶታል። ሽቦው ዝጎ ቡናማ ሆኗል። ያጠመደው ጎረቤታችን ነው፣ ለጃርት። መቼ እንዳሰረው ስንጠይቀው ትንሽ አሰበና «ካቻምና ክረምት ሳይሆን አይቀርም» አለ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ የዛገ ሽቦ አይሠራም ብሎ ማለፍ። የወጥመድ ዕድሜ እንደተሠራበት ዕቃ ነው። የቃጫ ገመድ ከሆነ አንድ ደህና ክረምት ያበሰብሰዋል። ናይለን ዝናብ አይገደውም፣ የሚጎዳው ፀሐይ ነው፤ ጥላ ካገኘ ዓመት አልፎትም ይይዛል። የአጥር ሽቦና የፍሬን ሽቦማ ዓመታት ይቆያሉ። እንጨት ጎንበስ ተደርጎ የሚጠመደው ዓይነት ቶሎ ይደክማል፣ እርጥቡ እንጨት ሲደርቅ እንደጎበጠ ስለሚቀር። ጉቶ ላይ በቀጥታ የታሰረው ግን ምኑ ይደክማል? የሚያጠብቀው እንስሳው ራሱ ነው፣ ለማምለጥ በታገለ ቁጥር።

«ለጃርት ብቻ ነው» የሚባለውም አያስኬድም። ሸምቀቆ መርጦ አይዝም። የጎረቤት ፍየል ይይዛል፣ ጥጃ ይይዛል፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘውን የምኒልክ ድኩላም ይይዛል። ደግሞም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ንዴቱ ግን ይገባኛል፤ የእኛም ጓሮ ጃርት የበላው ዱባ መስሎ ያደረበት ቀን አለ። ለእኛ የሠራልን ቆርቆሮ ነው። ጃርት ቆፋሪ ስለሆነ የአጥሩን ግርጌ አንድ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ቀበርነው። አድካሚ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ወጥመድ ስታገኙ ቀለበቱን በእግር ረግጣችሁ አትሂዱ። ሌላ ሰው መልሶ ያቃናዋል፣ ወይም የከብት እግር ይገባበታል። ከሥሩ በፒንሳ ቁረጡት፣ ጠቅልላችሁ ወደ ቤት ውሰዱት። ከዚያ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ አንድ ብቻውን አይጠመድም። የእንስሳ መተላለፊያ ግራና ቀኙ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ከታጠረ መሐሉ ላይ ሸምቀቆ አለ ማለት ነው።

ወጥመድ የያዘው እንስሳ ጋ በባዶ እጅ መጠጋትስ? እኔ አድርጌዋለሁ፣ ጅልነት ነበር። የራሳችሁ ውሻ እንኳ ሲያመው ይነክሳል። ጋቢ ወይም ጃኬት ጭንቅላቱ ላይ ጣሉበትና መጀመሪያ ከጉቶው በኩል ያለውን ሽቦ ቁረጡ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለማግኘትም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» አትበሉ።

መጨረሻ ላይ የተሳሳትነው ከፈታነው በኋላ ነው። ቡቺ እያነከሰ ወደ ቤት ሲገባ ተረፈ ብለን ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን እግሩ አብጦ መሽተት ጀመረ። ሽቦው ደሙን አግዶት ስለነበር ሥጋው የሞተው ዘግይቶ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ፀጉሩን ሲላጨው ደግሞ ከሽቦው የተበጠሰች ቀጭን ክር ቆዳው ውስጥ ተቀብራ ተገኘች። በመጀመሪያው ቀን ብንወስደው ኖሮ ሁለት ጣት አያጣም ነበር።

ጎረቤታችን ያጠመድኩት ስድስት ነው ይላል። እስካሁን ያገኘነው አራት ነው።