ለልጁ ብለው የገቡት ፊልም እርስዎን ሲይዝ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቲኬቱ የተቆረጠው ለልጁ ነው፤ ትልቁ ሰው አጃቢ ነው። ፊልሙ መሃል ላይ ሲደርስ ግን ልጁ «ሽንቴ መጣ» ይላል፣ ከወንበሩ መነሳት የሚከብደው አጃቢው ይሆናል። በልጆች ምናባዊ ፊልም ሳያስበው የሚማረክ አዋቂ ብዙ ነው። ደስታውን በገዛ እጁ የሚያበላሸውም ጥቂት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው እንዲህ ነው።

በስልክ ጊዜ መግደል

የእንዲህ ዓይነት ፊልም የመጀመሪያ ደቂቃዎች የዚያ ዓለም ሕግ የሚደነገግባቸው ናቸው። አስማቱ ምን ይችላል? ምን ያቅተዋል? የተጠቀመበትስ ምን ይከፍላል? ያን ጊዜ መልእክት ሲመልስ የነበረ ሰው ኋላ ላይ «ምኑም አልገባኝም» ቢል ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም።

«ይሄ እንዴት ይሆናል?» እያሉ መሟገት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አንበሳና ጦጣ ሲማከሩ እየሰማ ያደገ ሰው በምን ቋንቋ እንደተግባቡ ጠይቆ አያውቅም። ዕድሜው ሲገፋ ግን ዘንዶው ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ እንዴት እንደሚበር ማስላት ይጀምራል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንባቢ ወዶና ፈቅዶ ጥርጣሬውን ለጊዜው ወደ ጎን ስለማድረጉ ጽፏል። ቁም ነገሩ «ፈቅዶ» የሚለው ላይ ነው፤ የሚያታልልዎ የለም፣ በሩን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት።

ይህ ሲባል የመጣውን ሁሉ ይዋጡ ማለት አይደለም። የሚጠየቀው ፊልሙ የራሱን ሕግ ማክበር አለማክበሩ ነው። መጀመሪያ ላይ «ይህ በር ያለ ቁልፉ አይከፈትም» ተብሎ፣ መጨረሻ ላይ ጀግናው በትከሻው ገፍቶ ከገባ እንደልብዎ ያጉረምርሙ። መጥረጊያ በረረ ተብሎ ግን አይጉረመረምም።

ለልጅ የተሠራን ነገር መናቅ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ የልጆችን ፊልም የሚያቦኩት ግን ልጆች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን የዳይሬክተሩን የስቲቨን ስፒልበርግን «ኢ.ቲ.» ይመልከቱ፤ ልጆች ከሌላ ዓለም መጥቶ ምድር ላይ የቀረን ፍጡር ቤታቸው ደብቀው ወደ መጣበት ለመመለስ የሚታገሉበት ፊልም ነው። ካሜራው በአብዛኛው ወደ ልጅ ቁመት ዝቅ ብሏል፤ ከእናትየው በቀር የትልልቅ ሰዎች ፊት ለረጅም ጊዜ ተሸሽጎ ይቆያል። ቀረጻው ከሞላ ጎደል የታሪኩን ቅደም ተከተል ጠብቆ ነው የተካሄደው። በፊልም ሥራ ይህ ያልተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀረጸው ቦታውና ወጪው እንዳመቸ ነው። እዚህ ግን ሕፃናቱ ተዋንያን ሲሰነባበቱ ሐዘናቸው የምር እንዲሆን ተፈለገ። ለማሳደዱና ለስንብቱ ክፍል ደግሞ ስፒልበርግ የሙዚቃ ደራሲውን ጆን ዊሊያምስን «ምስሉን ተወውና ኦርኬስትራውን እንደፈለግህ ምራ» አለው፤ ከዚያ ፊልሙን ቆርጦ በሙዚቃው ልክ አስተካከለው። የተለመደው የዚህ ግልባጭ ነው። ያ የመጨረሻ ክፍል ደረት ላይ የሚቀመጠው በአጋጣሚ አይደለም።

በዚያ ላይ በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ነው የሚታየው። ልጁን የሚያስጨንቀው ከሌላ ዓለም የመጣው ፍጡር ወደ ቤቱ መመለስ አለመመለሱ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ትልቅ ሰው ደግሞ ባሏ ትቷት ሄዶ ሦስት ልጆችን ለብቻዋ የምታሳድገውን እናት ያያል። ልጁ እሷን ልብ ላይላት ይችላል። ስለዚህ እንባዎ ከመጣ «እንደ ልጅ ሆንኩ» ብለው በቀልድ ለመሸፈን አይቸኩሉ። ያስለቀሰዎ ትልቅነትዎ ነው።

በጆሮ ማንሾካሾክ

«አይዞህ፣ አይሞትም።» ልጁን ከፍርሃት ያዳኑት ይመስልዎታል፤ ትዕይንቱን ግን ከሁለታችሁም ነጠቁት። ከምር ደንግጦ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ማስረዳቱም አይረዳው፤ አቅፎ መውጣት ነው።

ሲወጡ «ለልጆች ጥሩ ነው» ማለት

ሁለት ሰዓት ሙሉ አፍዎን ከፍተው አይተው ሲያበቁ ይህን ማለት ውለታ መብላት ነው። ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው፤ የትኛው ቦታ እንደያዝዎ ይናገሩ። ልጁንም «ምን ተማርክ?» ብለው አያፋጡት። ይህን ጥያቄ የሚወድ ልጅ እኔ አላየሁም፤ የሚመልሰውም እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን ነው። «የቱ ጋ ፈራህ?» ቢሉት ግን እስከ ቤት የሚያደርስ ወሬ ያመጣል፣ እርስዎ ያላዩትንም ይነግርዎታል።

ለወዳጅ አጋንኖ ማውራት

ፊልሙ የያዘዎ አንዱ ምክንያት ምንም ሳይጠብቁ መግባትዎ ነው። ወዳጅዎን «ታለቅሳለህ፣ ሕይወትህን ይለውጠዋል» ብለው ከላኩት፣ እጁን አጣጥፎ ለቅሶውን ይጠብቃል፤ የሚጠበቅ ለቅሶ ደግሞ አይመጣም። ርዕሱንና የሚታይበትን ሰዓት መንገር ይበቃል።

እርስዎ ራስዎ ደግመው ማየት ቢያምርዎ የእህትዎን ልጅ ሰበብ ማድረግ አያስፈልግም፤ ቲኬት ሻጩ ልጅዎ የታለ ብሎ አይጠይቅም። ሰዓቱን ሲመርጡ ግን ሰው የሌለበትን የማታ ትዕይንት ትተው፣ ልጆች የሚበዙበትን የቀኑን ይያዙ። እነሱ የሚስቁት እርስዎ ባላሰቡት ቦታ ነው፤ አንዳንዱ ቀልድ የሚገባዎም የኋላው ረድፍ ሲንጫጫ ነው።