ቀዝቃዛ ጭነት በብሎክቼይን ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብሎክቼይን፣ ማለትም ቅጂው በብዙ ተሳታፊዎች እጅ ያለ የመዝገብ ሰንሰለት፣ አንዴ የተመዘገበውን ማንም በስውር እንዳይፍቀው ይጠብቃል፤ የተመዘገበው እውነት ይሁን ውሸት ግን አያውቅም። ከጅቡቲ በደወሌ በኩል ድሬዳዋ በሚገባ ቀዝቃዛ ጭነት ላይ ብዙው ጥፋት የሚመጣው ይህን ከመዘንጋት ነው።

ሴንሰሩን (የሙቀት መለኪያውን) ሳይፈትሹ መጫን። ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ጥቂት ውሃ ጨምረው ያማስሉ፤ የሴንሰሩን ጫፍ ብርጭቆውን ሳያስነኩ መሃል ላይ ይንከሩት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 0 ዲግሪ አካባቢ ካላሳየ አይጫን። 2 ዲግሪ አሳንሶ የሚያነብ ሴንሰር፣ ከ8 ዲግሪ ማለፍ የሌለበት መድኃኒት 9 ሲደርስ 7 ብሎ ያሳልፈዋል፤ ያ 7 ደግሞ አይፋቅም። ቀዝቃዛው አየር የሚወጣበት አፍ ላይ የተሰቀለ ሴንሰርም ሁልጊዜ «ደህና ነው» ይላል። አንዱን በሩ አጠገብ ባለው ካርቶን ውስጥ ያስገቡ፤ በሩ ሲከፈት የድሬዳዋ ሙቀት መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ሰዓት መደባለቅ። እኛ ጋ ከሁሉ የሚከፋው ይሄኛው ነው። ሾፌሩ የርክክብ ወረቀቱ ላይ «ቀን 8 ሰዓት» ይጽፋል፣ ትራንዚተሩ ስልኩን አይቶ 14:00 ያስገባል፣ መሣሪያው በዓለም አቀፉ ሰዓት 11:00 ይላል። ሦስቱም ያው አንድ ቅጽበት ናቸው፤ መዝገቡ ላይ ግን ጭነቱ ለሰዓታት ተረካቢ ያጣ ይመስላል፣ የካሳ ክርክሩም ከዚያ ይነሳል። ወደ መዝገቡ የሚገባው ዓለም አቀፉ ሰዓትና የፈረንጆቹ ቀን ብቻ ይሁን፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀየረው ስክሪን ላይ ነው።

ንባቡን ሁሉ ሰንሰለቱ ላይ መጫን። በየ10 ደቂቃው የሚለካ አንድ መሣሪያ በቀን 144 ንባብ ያወጣል። ፋይሉን ሌላ ቦታ አስቀምጠው ሰንሰለቱ ላይ ሃሹን፣ ማለትም የፋይሉን አሻራ ብቻ ያስፍሩ። ፋይሉን በኤክሴል ከፍቶ ሴቭ ያደረገ ሰው ሳያውቀው የቀኑን አጻጻፍ ሊቀይር ይችላል፤ ያኔ አሻራው አይገጥምም። ዋናው አይነካ፣ የሚነበበው ቅጂው ነው።

ኔትወርክ አይጠፋም ብሎ ማሰብ። መሣሪያው ንባቡን ይዞ ቆይቶ ይላክ፤ የተለካበትና የደረሰበት ሰዓት ለየብቻ ይመዝገቡ።

አንድ ቁልፍ (መዝገቡ ላይ መፈረሚያ የሚስጥር ኮድ) ለሁሉም። ሾፌሩ፣ ትራንዚተሩና የመጋዘን ሠራተኛው በአንድ ስልክ ከፈረሙ ማን እንደተረከበ አይታወቅም። የመዝገቡ ቅጂዎች ሁሉ በአንድ ድርጅት እጅ ካሉም ተራ ዳታቤዝ ይበቃል፣ ወጪውም ይቀንሳል። የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክና የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመሩት በብሎክቼይን ጭነት የሚከታተል ሥርዓት፣ ትሬድሌንስ እንኳ በ2022 እንደሚዘጋ ሲነገር የተሰጠው ምክንያት የዘርፉ ሙሉ ትብብር አለመገኘቱ ነበር። ስለዚህ ሶፍትዌር ከመግዛትዎ በፊት አስመጪው፣ አጓጓዡ፣ ተረካቢውና መድን ሰጪው ማን የቱ ላይ እንደሚፈርም በወረቀት ይስማሙ።