ለጀማሪ ታዳጊ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አመራረጥ

አንድ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ «ቢት መሥራት እፈልጋለሁ» ሲል ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያጣራው ታዋቂ አቀናባሪዎች በየትኛው ሶፍትዌር እንደሚሠሩ ነው። እዚያ ላይ ነው ምርጫው የሚበላሸው። ለትልቅ ስቱዲዮ የተሠራ ሶፍትዌር ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ሲጫን ይንቀራፈፋል፤ ልጁም በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። መቅደም ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። እቤት ያለው ዕቃ ምንድን ነው? ልጁስ የሚፈልገው የራሱን ድምፅ ወይም ክራር መቅዳት ነው ወይስ ቢት መደርደር? እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ የሚቀሩት አማራጮች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው።

እቤት አይፎን፣ አይፓድ ወይም ማክ ካለ ሌላ አይፈልጉ፤ ጋራዥባንድ ነፃ ነው፣ ለጀማሪም ከእሱ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ኪቦርዱ አብሮ ይመጣል፤ ድምፅም ይቀዳል። ልጁ ወደፊት ሎጂክ ፕሮ የሚባለውን የአፕል ትልቅ የማቀናበሪያ ሶፍትዌር ቢገዛ እዚህ የጀመረውን ሥራ እዚያ ከፍቶ መቀጠል ይችላል። በስልክ ሲሠራ ግን አንድ ነገር ጀማሪን ሁሉ ያስቸግራል። አዲስ ሥራ ሲከፈት ርዝመቱ 8 ባር (ባር ማለት አንድ ዙር የምት ቆጠራ ነው) ብቻ ተደርጎ ይመጣል። ልጁ እየዘፈነ 8ኛው ባር ላይ ሲደርስ ቅጂው ወደ መጀመሪያው ይመለስበታል፤ እሱም «ሶፍትዌሩ ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም። ከላይ በስተቀኝ ያለችውን የመደመር ምልክት ነክቶ የክፍሉን ርዝመት «አውቶማቲክ» ማድረግ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከፈለገው ድረስ ይቀዳል።

ያለው አንድሮይድ ስልክ ብቻ ከሆነ ባንድላብ ይሻላል። ነፃ ነው፤ ስልክ ላይ የተጀመረ ሥራ ኮምፒውተር ላይ በብራውዘር ተከፍቶ ይቀጥላል። አሜሪካ ያሉ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሰጣቸው ክሮምቡክ የሚባል በብራውዘር ላይ የተመሠረተ ላፕቶፕ ነው፤ እሱ ላይ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ስለማይጫን ለእነሱም የሚሆነው ባንድላብ ወይም ሳውንድትራፕ ነው፤ ሁለቱም በብራውዘር ይሠራሉ። ባንድላብ ማኅበራዊ መድረክም መሆኑን ግን ቤተሰብ ይወቅ። ልጁ የሠራውን ሲያትም ሌላ ሰው ሊሰማውና አስተያየት ሊጽፍበት ይችላል። አካውንቱ ሲከፈት አብረው ይቀመጡ፤ ሥራዎቹ ለሕዝብ ክፍት እንዳይሆኑ ከመጀመሪያው ያስተካክሉ።

ከባዱ ምርጫ ያለው ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ነው። እዚህ ሁለት ስሞችን ማወዳደር ይበቃል፤ ኤፍኤል ስቱዲዮ እና ሪፐር።

ኤፍኤል ስቱዲዮ በ1997 ፍሩቲሉፕስ ተብሎ የወጣ የቤልጅየም ሶፍትዌር ነው። ቢት ለመደርደር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ሲከፈት የከበሮ ሳጥኖች ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ልጁ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚያስጨፍር ነገር ያወጣል። ሌላው ትልቅ ጥቅሙ አንዴ የገዛ ሰው ቀጣዮቹን ስሪቶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማግኘቱ ነው። ነፃው የሙከራ ስሪት ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚያስለቅሰው ይህ ነው። ሥራውን ሴቭ ማድረግ ይፈቅዳል፤ በማግስቱ መልሶ ለመክፈት ግን ፈቃዱ መገዛት አለበት። ስለዚህ በሙከራው የሚሠራ ልጅ የጀመረውን በአንድ መቀመጫ ጨርሶ ወደ ዌቭ ወይም ኤምፒ3 የድምፅ ፋይል ማውጣት ይኖርበታል። ማውጣቱን አይከለክልም። ሴቭ የተደረገውም አይጠፋም፤ ፈቃዱ የተገዛ ዕለት ይከፈታል። ሲገዙ ደግሞ የእትሞቹን ልዩነት በደንብ ያንብቡ። በጣም ርካሹ የፍሩቲ እትም ለረጅም ዓመታት ድምፅ የማይቀዳበት ነበር። የሚዘፍን ልጅ ካለዎት፣ ከመክፈልዎ በፊት የመረጡት እትም ከማይክ መቅዳት መቻሉን የአምራቹ ገጽ ላይ ያረጋግጡ።

ሪፐር በተቃራኒው ልጁን የሚቀበለው በባዶ ግራጫ ገጽ ነው። ከበሮ የለም፣ ፒያኖ የለም። ብዙ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ፊታቸውን የሚያዞሩት ለዚህ ነው። ድምፅ ለመቅዳት ግን ከሪፐር የተሻለ ቀላልና ርካሽ ነገር ዊንዶውስ ላይ ማግኘት ያስቸግራል። የሚወርደው ፋይል ትንሽ ስለሆነ የኢንተርኔት ፓኬጅ አይጨርስም፤ ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሮጣል። ለ60 ቀን ምንም ሳይጎድልበት ይሞከራል፤ ለግለሰብ የሚሸጠው ፈቃድ 60 ዶላር ነው። ባዶነቱን ለመሙላት ሰርጅ ኤክስቲ እና ቫይታል የሚባሉ ሲንተሳይዘሮችን (በኮምፒውተር ውስጥ የሚጫወቱ የድምፅ መሣሪያዎችን) መጫን ይቻላል፤ ሰርጅ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ቫይታልም ነፃ እትም አለው።

ኤልኤምኤምኤስ የሚባል ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ ደግሞ አለ። ቢት ለመለማመድ ይሆናል፤ ነገር ግን በተለምዶ የሚወርደው ስሪት ከማይክ አይቀዳም። አብሌተን ላይቭ ላይት የሚባለው የማቀናበሪያ ሶፍትዌርም ከብዙ ሚዲ ኪቦርዶችና (ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙ ኪቦርዶች ናቸው) የድምፅ ካርዶች ጋር በነፃ ስለሚሰጥ፣ ኪቦርድ የገዛ ሰው ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳይመለከት አይጣለው። የትራኩ (በአንድ ሥራ ውስጥ የሚደረደሩት የድምፅ መስመሮች) ቁጥር የተገደበ ቢሆንም ለመጀመሪያው ዓመት አያንስም።

በእኛ ሐሳብ፣ የሚዘፍን ወይም መሣሪያ የሚጫወት ልጅ ሪፐርን፣ ቢት ብቻ የሚፈልግ ልጅ ኤፍኤል ስቱዲዮን ይያዝ። ሁለቱንም እኩል የሚፈልግ ከሆነ ሪፐር ላይ ቢጀምር ገንዘቡም ይተርፋል፣ ቀረጻም በሥርዓቱ ይማራል።

በአገራችን ቅኝትና ምት ለሚሠራ ልጅ

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ ግን ሊታይ ይገባል እንላለን፤ ምክንያቱም ማንኛውም ሶፍትዌር ሲከፈት ምቱን 4/4 (በአራት በአራት የሚቆጠር) አድርጎ ነው። ችክችካ በ6/8 የሚሄድ፣ በሦስት በሦስት የሚቆጠር ምት ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ ሲከፈት 16 የከበሮ ሳጥን አሰልፎ ይጠብቃል፤ 16 ደግሞ ለሦስት እኩል አይካፈልም። ልጁ በጆሮው የሚያውቀውን ምት በእነዚያ ሳጥኖች ላይ ሊያስቀምጥ ቢታገል ምቱ እየተንሸራተተ ይሄድበታል፤ ችሎታ የሌለው ይመስለዋል። መፍትሔው የሳጥኑን ቁጥር ወደ 12 ማውረድ ነው። ከዚያ ኪኩን (ወፍራሙን ከበሮ) በ1፣ በ4፣ በ7 እና በ10ኛው ሳጥን ላይ ያስቀምጥ፤ የሦስት በሦስት አካሄዱ ወዲያው ይሰማል። ቀጥሎ ሃይሃቱን (ቀጭኑን የጸናጽል ድምፅ) በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ12 ላይ ይጨምር፤ ረጅምና አጭር እየሆነ ትከሻ የሚነቀንቀው አካሄድ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ጆሮው እየመራው ያንቀሳቅሰው። ሪፐር ላይ አልትና ኢንተር አንድ ላይ ሲጫኑ የፕሮጀክቱ ቅንብር ይከፈታል፤ እዚያ 6/8 ብሎ መጻፍ ነው። የአይፎኑ ጋራዥባንድም 6/8 አለው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከመቀዳቱ በፊት መመረጥ አለበት።

ቅኝቱም እንዲሁ። ልጁ ሲ (C) ከሚባለው ኖታ ሲጀምር ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፤ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፤ አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። እነዚህን ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ አጠገብ መለጠፍ ብዙ ድካም ያቀላል። ጋራዥባንድ ስልክ ላይ ኪቦርዱን ሲከፍቱ ስኬል የሚል ቁልፍ አለ፤ «ሜጀር ፔንታቶኒክ» ሲመረጥ የሚቀሩት አምስት ኖታዎች ትዝታ ሜጀር ናቸው፣ «ማይነር ፔንታቶኒክ» ደግሞ ከባቲ ማይነር ጋር ይገጥማል። ልጁ የትኛውንም ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ግን ኖታዎቹን በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል። ከማሲንቆ ወይም ከክራር ጋር የሚሠራ ልጅ ደግሞ መሣሪያው ከኪቦርዱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል ይወቅ። መጀመሪያ መሣሪያውን ከሶፍትዌሩ ሲ ጋር ያቃኝ፣ ከዚያ ይቅዳ።

ሳይከፍሉ መፈተን

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያቅዱ። ልጁ በመረጠው ሶፍትዌር 8 ባር ይሥራ፤ ከበሮ፣ ቤዝ፣ አንድ ዜማ፣ ሁለት መስመር ድምፅ። ወደ ዌቭ አውጥቶ በስልክ ያጫውተው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ሥራ በሶፍትዌሩ ከፍቶ (ሪፐር፣ ጋራዥባንድ ወይም ባንድላብ ከሆነ) አንድ ነገር ይቀይርበት። እዚህ ድረስ ያለማንም እርዳታ ከደረሰ ሶፍትዌሩ ለእሱ ነው። የተጣበቀበት ቦታ ካለ የት እንደሆነ ይጠይቁት። «ድምፄ ዘግይቶ ይሰማኛል» ካለ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ላይሆን ይችላል።

መዘግየት የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ብሉቱዝ ኢርፎን ነው፤ ለሙዚቃ መስሚያ እንጂ ለቀረጻ አይሆንም፣ የ100 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ መዘግየት አለበት። ባለ ሽቦ ይጠቀሙ። ሁለተኛው በፈር የሚባለው ቅንብር ነው፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመው መጠን ማለት ነው። በ44,100 ኸርዝ ሲቀዳ 1024 የሆነ በፈር 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል፣ 256 ደግሞ 6 ገደማ። ሲቀዳ 256 ያድርግ፤ ላፕቶፑ መንጫጫት ከጀመረ ወደ 512 ይመልስ። ቀረጻው አልቆ ሚክስ ሲደረግ (ድምፆቹ ሲመጣጠኑ) 1024 ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ማሽኑም ይቀለዋል። ዊንዶውስ ላይ አሲዮ የሚባለውን ድራይቨር (ሶፍትዌሩን ከድምፅ ካርዱ ጋር በፍጥነት የሚያገናኝ) ካልመረጡ በፈሩን ማሳነስ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ኤፍኤል ስቱዲዮ የራሱን ይዞ ይመጣል፣ ለሪፐር አሲዮ4ኦል የሚባል ነፃ ድራይቨር አለ።

ድምፁ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። በጣም ጮክ ብሎ በሚዘፍንበት ቦታ እንኳ መለኪያው ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መሃል ይሁን። የተሰነጠቀ ቅጂ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም። ማይኩ ከአፍ 15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብሎ ይቀመጥ። መጋረጃና ፍራሽ ያለበት መኝታ ቤት ከባዶ ሳሎን የተሻለ ነው።

ክራክና ክፍያ

«ክራክ የተደረገ አለ፣ በፍላሽ ልጫንልህ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ክራክ ማለት ፈቃዱ ተሰብሮ ሳይከፈል የሚሠራ ቅጂ ነው። ከመብቱ ጉዳይ ሌላ፣ ጉዳቱ ልጁ ላይ ነው። ክራኩ ሲጫን አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ ይደረጋል፤ አብሮ የሚገባው ቫይረስ የቤቱን ሁሉ ፋይልና የይለፍ ቃል ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሶፍትዌሩም ማዘመን ስለማይችል አንድ ቀን ሳይታሰብ መክፈት ያቆማል፣ የስድስት ወር ሥራ ይዞ። ነፃና ሕጋዊ አማራጭ ባለበት ጊዜ ይህን ያህል አደጋ መውሰድ አያስፈልግም።

ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር መክፈል ስለሚያስቸግር ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ይህ ሲሆን አካውንቱ በልጁ ወይም በወላጁ ኢሜይል መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ዘመድ ካርዱን ብቻ ያስገባ። ፈቃዱ የተመዘገበው በዘመድ ኢሜይል ከሆነ ላፕቶፕ በተቀየረ ቁጥር ኮድ ፍለጋ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ መደወል ሊኖር ነው። የግዢው ደረሰኝና የፈቃዱ ፋይል ወደ ሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ አንዱ ኢሜይል ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ።

መብራት በሚጠፋበት አካባቢ፣ በተለይ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ላይ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራሱ ሴቭ የሚያደርገው ቅንብር ይብራ። ሪፐር ላይ ኮንትሮልና ፒ ሲጫኑ ከሚከፈተው መስኮት ውስጥ «ፕሮጀክት» የሚለውን ይምረጡና በየ5 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ ያዙት። ኤፍኤል ስቱዲዮም በፋይል ቅንብሩ ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ አለው። የተጠናቀቀውን ሥራ በቴሌግራም ለጓደኛ ሲልክም በድምፅ መልእክት መልክ እየቀዳ ሳይሆን ዌቩን ወይም ኤምፒ3ውን በፋይል መልክ ይላክ፤ የሠራው ሳይበላሽ ይደርሳል።